አስኳሉን ለምን ጣልሽው?

«ሰላም እትዬ፤ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። 29 ዓመቴ ነው፤ ጅማ ቆጪ ሰፈር የምኖር አስተማሪ ነኝ። ባለትዳር ነኝ፤ ገና አልወለድኩም። ሩጫ ከጀመርኩ 2 ዓመት ሆነኝ። በሳምንት 5 ቀን፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ የ10 ኪሎ ሜትሩን ታላቁ ሩጫን ከ50 ደቂቃ በታች መግባት እፈልጋለሁ፤ አሁን 54 ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ64፣ ኪሎዬ 66። የሚያሠራን ልጅ ‹60 ካልገባሽ አይሆንም፤ እንጀራ አቁሚና ፕሮቲን ብቻ ብዪ› አለኝ። ይኸው 2 ወር ሆነኝ። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ በቡና ብቻ ጅሬን ዳገት እወጣለሁ። 4 ሰዓት ላይ የ2 እንቁላል ነጭ። ምሳ ሰላጣ። 10 ሰዓት ላይ ከጂም የገዛሁት ፓውደር በውኃ። ማታ ግን እብድ እሆናለሁ። 3 እንጀራ በሽሮ ጥርግ አድርጌ እበላና አለቅሳለሁ። መጀመሪያ 3 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ከዚያ በቃ ቆመ። እግሬ እርሳስ ሆኗል። አሁን ደግሞ ፍልሰታ እየመጣ ነው፤ በጾም ፕሮቲን ከየት ላምጣ?

እግሬ የከበደኝ፣ ከጅማ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረስቼ። የወር አበባዬም 2 ወር ቀርቷል። ከስፖርቱ ነው ስላሉኝ ብዙም አላሳሰበኝም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ። ዋናውን ነገር ከፊርማሽ በታች፣ «ይቅርታ ረስቼ» ብለሽ ነው ያስቀመጥሽው። እኔ ከእሱ ነው የምጀምረው፤ እንቁላሉም ሽሮውም ትንሽ ይቆየን።

የወር አበባ 2 ወር ሲቀር «ከስፖርቱ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ባለትዳር ነሽና መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑን እዪ። አትሳቂ፤ ዳይት ላይ ነኝ ስትል ከርማ ሦስተኛ ወሯን የያዘች ሴት አውቃለሁ። መመርመሪያውን ከፋርማሲ ገዝተሽ ቤትሽ ማየት ትችያለሽ። እርግዝና ካልሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ለሐኪሙ «እሮጣለሁ፣ ምግብ ቀንሻለሁ፣ የወር አበባዬ ቀርቷል» ብለሽ ሦስቱንም አንድ ላይ ንገሪው። አንዱን ብቻ ከነገርሽው በአንዱ በኩል ብቻ ነው የሚያይሽ። የደም ማነስ ምርመራ ጠይቂ። የሚሠራበት ቦታ ካገኘሽ ፌሪቲን (ሰውነትሽ ያከማቸው ብረት) እና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ይታይልሽ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የእኔ ጥርጣሬ አንድ ነው። የምትበዪው ለምትሮጪው አልበቃም። ደመወዟ ያልበቃት እናት የምታደርገውን አስቢ። መጀመሪያ የልብሱን ታጥፋለች፣ ቀጥሎ የድግሱን፤ ዳቦው መጨረሻ ነው የሚነካው። ሰውነትም ልብና ሳንባን አያስርብም። መጀመሪያ የሚያጥፈው መውለድን ነው። ቀጥሎ ከአጥንት ይቆርሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንን በስፖርት የሚመጣ የኃይል እጥረት ብሎ ስም ሰጥቶታል፤ ወንዶችንም እንደሚነካ ያኔውኑ ተናግሯል።

«66 ኪሎ ሆኜ እንዴት ምግብ ያንሰኛል?» ትዪ ይሆናል። አዎ ያንስሻል። ለመጎዳት መክሳት የግድ አይደለም። ደግሞ በ1 ሜትር ከ64 ቁመት 66 ኪሎ ውፍረት አይባልም፤ ጤናማ ከሚባለው ውስጥ ነው። ይህንን የነገረሽ ሰው አለ?

እኔም በ20ዎቹ መጀመሪያ እሮጥ ነበር። ስሙን የማልጠራው አሠልጣኜ «ኪሎሽ ነው የሚይዝሽ» አለኝ። እራት ተውኩ። የወር አበባዬ ሲቀር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ነበር ያለኝ፤ ግልግል መስሎኝ። በ7ኛው ወር ቁልቁለት ስወርድ ቅልጥሜን አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ወለምታ መስሎኝ ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ኖሯል። 3 ወር ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ጓደኞቼ ሲሮጡ በመስኮት አየሁ። ስለዚህ ይህንን ጉዳይ ከሩቅ ሆኜ አላየውም።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። የምርመራው ውጤት እስኪመጣና የወር አበባሽ እስኪመለስ ክብደት መቀነስ ይቁም። ሩጫውን ቀለል አድርጊው፤ የሳምንቱን ኪሎ ሜትር ወደ ግማሽ አውርጂው፤ ምግቡን ግን አስተካክዪ። ከዚያ በኋላ ስለ መቀነስ እናወራለን። መጥፎ ዜና አይምሰልሽ፤ የሚስተካከለው ምግብ አሁን ለጤናሽም፣ በኋላ ለመቀነሱም ያው ነው።

አሁን ወደ ቀንሽ እንግባ። ጅሬን ወጥተሽ እስክትመለሺ 10 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ይበላል። 66 ኪሎ ለ10 ኪሎ ሜትር፣ 660 ካሎሪ። ዳገቱን አልቆጠርኩም፤ እዚያ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። እስከ ማታ ያስገባሽው ደግሞ ሁለት የእንቁላል ነጭ፣ ሰላጣና አንድ ማንኪያ ፓውደር። ተደምሮ 400 ካሎሪ አይሞላም። ሩጫውን እንኳ አልከፈልሽም። መተንፈሱ፣ 60 ተማሪ ፊት ቆሞ መጮሁ፣ ደብተር ማረሙ ሁሉ በዱቤ ነው የዋለው። ማታ ባለዕዳው ይመጣል። ሦስቱን እንጀራ የበላሽው ሆዳም ስለሆንሽ አይደለም። ለቅሶሽን ለሌላ ነገር አቆዪው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎስ? አብዛኛው ውኃ ነው። እንጀራ ስታቆሚ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ግላይኮጅን፣ ማለትም ከእንጀራና ከዳቦ የተጠራቀመው ስንቅ፣ ይሟጠጣል። እሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ ልብሽም ይሞቃል፤ ከዚያ ቀጥ። እግርሽ እርሳስ የሆነውም በዚሁ ነው። ግላይኮጅን የዳገት ነዳጅ ነው። ነዳጁን ቀድተሽ ደፍተሽ መኪናው ቀለለ ማለት ነው የሆነው። ሚዛን ይዘው መንገድ ዳር የሚቀመጡት ልጆች ጋ ስንት ሳንቲም እንዳወጣሽ አላውቅም፤ ካወጣሽ ግን በሳምንት አንዴ ይብቃሽ። ጠዋት፣ ከሩጫ በፊት፣ በአንድ ሚዛን።

ልጁ በአንድ ነገር አልተሳሳተም፤ ፕሮቲን ያስፈልግሻል። ሰው ምግብ ቀንሶ ሲሮጥ ሰውነቱ ስብ ብቻ አያቃጥልም፤ ጡንቻም ይበላል። ፕሮቲን ሲበቃው ጡንቻውን ይተዋል። ለማይሮጥ ሰው የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ያስፈልገዋል፤ ክብደት የሚቀንስ ሯጭ ወደ ላይኛው ይጠጋል። ላንቺ 1.6 ብዬ ያዝኩ። በ66 ሲባዛ 105 ግራም ገደማ። ስህተቱ «ብቻ» የሚለው ላይ ነው። ፕሮቲን ብቻ ስትበዪ ሰውነት ኃይል ስለሚያጥረው ያንኑ ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነደዋል። ውድ ማገዶ ነው። እንጀራው ሲኖር ነው ፕሮቲኑ ወደ ሥራው የሚሄደው።

አሁን እንቁላሉ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ከዚያ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አስኳሉ ውስጥ ነው። ሁለቱን ነጭ በልተሽ ያገኘሽው 7 ግራም ነው፤ 5 ግራም ደፋሽ። የእንቁላል ዋጋ እንዲህ በሆነበት ዘመን! አስኳሉን ለማን ጣልሽው? ለድመት ከሆነ ድመቷ ካንቺ የተሻለ ዳይት ላይ ናት።

የእኔ ወጥ ቤት ብትሆኚ ቀኑ እንዲህ ይውላል። ከሩጫ በፊት ቡናሽን ጠጪ፤ ቡና ለሩጫ ጥሩ ነው። ግን ሙዝ ወይም ሁለት ማንኪያ በሶ በውኃ በጥብጠሽ ጨምሪበት። በሶ የሯጭ ምግብ ነው፤ ሆድ ላይ አይቀመጥም። ስትመለሺ እስከ 4 ሰዓት አትጠብቂ። ልብስሽን ቀይረሽ ሁለት ሙሉ እንቁላል፣ አንድ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት። 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ገባ ማለት ነው። ሰውነት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚጠቀምበት ከ20 እስከ 30 ግራም አካባቢ ነውና ቀኑን ሙሉ ጦመሽ ማታ ብትከምሪው እኩል አይሆንም።

ምሳ አንድ እንጀራ በምስር። አንድ ሙሉ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን አለው። የጤፍ ዱቄት ራሱ በ100 ግራም ከ10 እስከ 13 ግራም አለው፤ ሰው እንጀራን ባዶ ሆድ መሙያ እያለ ያማዋል እንጂ። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይሟላሉ። ጥራጥሬ የጎደለውን እህል ይሰጠዋል፤ እህል የጎደለውን ጥራጥሬ። እናቶቻችን ይህንን ስም ሳያወጡለት ሲያበሉን ኖረዋል።

10 ሰዓት ላይ በፓውደሩ ፋንታ አይብ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። 100 ግራም ውስጥ ወደ 14 ግራም። ሚጥሚጣ ነስነስ፣ ጎመን ከጎኑ። ማታ አንድ እንጀራ፣ ከተገኘ መዳፍሽን የሚያህል ቀይ ሥጋ ወይም ዓሣ፤ ካልተገኘ ሽሮ። ስትተኚ ትንሽ ወተት ወይም እርጎ። ሲደመር 100 አካባቢ ነው። የቀረውን ቆሎው ይሙላው፤ በግራም ልክ የሚኖር ሰው አልወድም።

ሽሮ ላይ ግን አንድ ቃል። ባለፈው ሳምንት የራሴን ሽሮ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። ለአራት ሰው ድስት የነሰነስኩት ዱቄት 90 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ! ለአንድ ሰው 22 ግራም ማለት ነው። ከእሱ የሚገኘው ፕሮቲን 5 ግራም ቢሆን ነው፤ የቀረው ውኃ፣ ሽንኩርትና ዘይት። «ሽሮ እበላለሁ» የምንለው ብዙዎቻችን ቀጭን ሽሮ ነው የምንበላው። ላንቺ ድርሻ 50 ግራም ዱቄት ይግባበት፣ ወፈር ይበል፤ 10 ግራም ታገኛለሽ። ተጋቢኖ የወደደ ሰው እንዲያውም ተመችቶታል።

ስለ ፓውደሩ ረጅም አልናገርም። ደህናው ፓውደር በአንድ መስፈሪያ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የወተት ውጤት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሲቸኩሉ ይጠቅማል። ግን አንቺ የገዛሽው እሽጉ ያልተከፈተ፣ ጽሑፉና የማብቂያ ቀኑ ያለበት ነው? በፌስታል ተመዝኖ የተሸጠልሽ ከሆነ ምን እንደገባበት ሻጩም አያውቅም። ድፊው። ለገንዘቡ አዝናለሁ።

ወደ ፍልሰታ። ነሐሴ 1 ይገባል። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው፤ ይህ ጠቅሞሻል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ሩጫውን ከጠዋት ወደ ማታ አዙሪው። 9 ሰዓት ላይ ብዪ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሩጪ፣ ተመልሰሽ ደግሞ ብዪ። የሩጫ ጓደኞችሽ መካከል ሙስሊሞች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ ጅማ ነዋ። በረመዳን እንዴት እንደሚያደርጉ ጠይቂያቸው፤ ጾምና ሩጫ በማስማማት ከብዙዎቻችን የተሻለ ልምድ አላቸው። በባዶ ሆድ የፍጥነት ልምምድ ግን በዚያ 2 ሳምንት አይኑርሽ። የወር አበባሽ ጉዳይ ካልተፈታ ደግሞ ሰዓቱን ስለማቅለል ንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውንም ለእሳቸው ትቼዋለሁ፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

የጾም ፕሮቲን ከየት? ከጥራጥሬ ነዋ። ሂርማታ ገበያ ሄደሽ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ምስር ሸምቺ። ደረቁ ባቄላም ምስርም ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። አኩሪ አተር ከሁሉም ይበልጣል፤ በ100 ግራም ወደ 36 ግራም። በደንብ ይቆላ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ከዚያ ከሽሮ እህልሽ ጋር አንድ ለሦስት አስፈጪው፤ ባልሽ እንኳ ልዩነቱን አያውቅም። አሹቅ አድርጊ። ንፍሮ ቀቅዪ፤ ስንዴና ሽምብራ እኩል። ሥጋ በሚበላበት ወቅት እንቁላል የነበረበትን ቦታ ስልጆ ወይም ወፍራም የባቄላ ፉል ይያዘው። ፉሉ ላይ ዘይት አብዝተው ሲያፈሱልሽ ግን እጃቸውን ያዢ።

ዘይት ካነሳን፣ ክብደት መቀነስ ሲጀመር የምትነኪው እሱን ነው። እንጀራውን አትንኪ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። እናቶቻችን በማንኪያ አይለኩም፤ ጄሪካኑን ዘንበል አድርገው «ቦጭ» ያደርጉታል። የጾም ወጥ ጣዕሙ ዘይት ነው ተብሎ ደግሞ ይጨመርበታል። ለድስቱ የሚገባውን በማንኪያ መለካት ብቻ በቀን 200 ካሎሪ ይቀንስልሻል። ሌላው የጅማ ፈተና አቮካዶ ጁስ ነው። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ነው፣ ጁስ ቤቱ ደግሞ ስኳር ጨምሮ በትልቅ ብርጭቆ ነው የሚሰጥሽ። «ፍራፍሬ ነው» ብሎ ከሩጫ በኋላ ሁለት መጠጣት ሩጫውን መመለስ ነው። በማንኪያ ብዪው፤ ግማሽ፣ በዳቦ።

የቡናው ነገር ከበድ ይላል፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዪ የሚል አማካሪ ድንጋይ ይገባዋል። አልልም። ግን ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይይዙታል። ሯጭ ሴት፣ ጾመኛ፣ ከምሳ ላይ ሳትነሳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ደም ማነስ እንዲህ ነው የሚገባው። ምሳሽን በልተሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ይፈላ። ምስርሽ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ቃሪያ ብዪበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ይጎትተዋል። የቡና ቁርሱን ደግሞ የተቆላ ሽምብራ አድርጊው። በሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጨምሪ ከሆነ በሦስቱ ሲኒ ዘጠኝ ማንኪያ መሆኑን አስዪ፤ ወደ 150 ካሎሪ ነው።

ስለ 60 ኪሎ ልመልስልሽ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ልጁ ከኪሱ ያወጣው ነው የሚመስለኝ። ጤናሽ ከተስተካከለ በኋላ በቀን 300 ካሎሪ ያህል ብትቀንሺ በሳምንት ከሩብ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ይወርዳል። እስከ ኅዳር 3 ኪሎ ቢሆን ነው። 63 ይበቃሻል፤ ካልሆነም በ66 ሩጪ። ከ54 ወደ 50 የሚያወርድሽ በደንብ በልተሽ የሠራሽው ልምምድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጄሪካን ውኃ ይዘሽ ቁጭ ብድግ ብትዪ ደግሞ ጡንቻሽን ይጠብቅልሻል። እና አንድ ነገር ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ይሳሳል፤ ሰውም መንገዱን ሞልቶታል። እዚያ 51 ብትገቢ በኪሎሽ እንዳታሳብቢ። ሰዓትሽን ማወቅ ከፈለግሽ እዚያው ጅማ፣ ሜዳ ላይ፣ በልተሽ ተለኪ።

ለልጁም አትቀየሚው። ይህንን ጋዜጣ አሳዪው፤ የወር አበባ ነገር ለመናገር ካፈርሽ ያቺን መስመር በጣትሽ ሸፍነሽ።

ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደምሽን ቁጥር ሲነግሩሽ ጻፊልኝ። የፋርማሲው መመርመሪያ ሁለት መስመር ካሳየ ደግሞ ኅዳርን እርሺው፤ ዕቅዱን እንደገና እንሠራዋለን፤ ያኔ አስኳሉ ለሁለት ነው።